«ስለማያመኝ ነው ዝም ያልኩት»

ጥያቄ፦ የምደውለው ከመሐል ሜዳ ነው፤ ዕድሜዬ 46 ነው። በግራ ጡቴ አተር የምታክል ነገር ከዳሰስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አታመኝም፤ የበግ ፀጉር ስፈትል እውላለሁ፣ ከሥራም አልከለከለችኝም። ብተዋት ምን አለበት?

መልስ፦ እናቴ፣ አይተዉዋት። እኔን የሚያሳስበኝ ያው አለማመሟ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ እኛ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የምንሄደው ሲያመን ነው። ብዙ እናቶች የሚመጡት እብጠቱ ቆዳ ከገፋ፣ ብብት ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ሲገኝ የሚድን በሽታ በመሆኑ ይህ ያንገበግበኛል። በእርግጥ ጡት ላይ ከሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ነገር ግን በመዳሰስ ብቻ እኔም መለየት አልችልም፤ አልትራሳውንድና በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከደረሰችበት ቀን አንስቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይመክራል፤ እርስዎ ገና ከቤት ሳይወጡ 90 ቀን አልፏል። ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ወደ ደብረ ብርሃን ከላኩዎትም «አዝመራው ይግባ» አይበሉ። ጠበሉንም ይጠመቁ፤ ቀጠሮውን ግን አያሳልፉ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። የባለቤቴ እናት በጡት ካንሰር አርፈዋል። እሷንም የግድ ይይዛታል?

መልስ፦ የግድ አይደለም ወንድሜ። በዘር በሚወረስ ለውጥ የሚመጣው ከ100 ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ነው። እናቷ የታመሙት ከ50 ዓመታቸው በፊት ከሆነ ግን ለሐኪም ትንገር፤ ክትትሏ ከሌሎች ሴቶች ቀደም ብሎ ይጀመራል። ስለ እሷ ብለህ መደወልህ ደስ ብሎኛል፤ አብረሃት ሂድ።

ጥያቄ፦ የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። ራሴን እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ የወር አበባሽ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት፣ ጡትሽ ሲለሰልስ ፈትሺ። ገላሽን ስትታጠቢ፣ ሳሙናው ሳይለቅ፣ የሦስቱን መካከለኛ ጣቶችሽን ሆድ በክብ እያዞርሽ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርገሽ ጫኚ፤ ብብትሽንም እንዳትረሺ። ቅድም የደወሉት እናት ሲፈትሉ ቋጠሮውን ዐይናቸው ሳያይ ጣታቸው ይለየዋል። አንቺም የራስሽን ጡት እንደዚያ ስታውቂው አዲስ ነገር ሲመጣ ለማስተዋል ይቀልሻል። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከጎደጎደ፣ የጡትሽ ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ፣ የሚቀጥለውን ወር ሳትጠብቂ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂጂ።