አንድ ለሦስት፣ ግን በምን ተለክቶ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ጠጅ ነው፣ ደግሞም ስለ ሚዛን።

ለፋሲካ ጠጅ ልጥል ተነሳሁ። የእማዬን ልክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድ ማር፣ ሦስት ውሃ። 5 ኪሎ ማር ገዛሁ። አምስት በሦስት አሥራ አምስት ብዬ 15 ሊትር ውሃ አፈሰስኩበት። በረዝኩት፣ ጌሾውን ጨመርኩ፣ ቀኑን ጠበቅኩ። ብርሌ ላይ ስቀዳው ግን ቀጠነብኝ። ቀለሙ ገርጥቷል፣ ማሩ አፍ ላይ የለም፣ ቀድሞ የሚመጣው የጌሾው ምሬት ነው። እንግዶቼ ምንም ሳይሉ ጠጡልኝ። በጣም የከነከነኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ማሩን ነው። ስኳር ገብቶበታል ብዬ ሻጩን በልቤ ስከስሰው ሰነበትኩ። በኋላ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ማሩን በምን ለካሽው?» አለችኝ።

«በኪሎ።»

«እኔ እኮ የምሰፍረው በጣሳ ነው። ማሩንም ውሃውንም በዚያው ጣሳ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

አያችሁ፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለዚህ ነው ሊትርና ኪሎ አንድ የሚመስሉን። ማር ግን ከባድ ነው፤ አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ትምህርት ቤት እፍግታ ያልነው፣ ብዙዎቻችን ዴንሲቲ የምንለው ቁጥር ይኸው ነው። ሊትሩን ወደ ኪሎ ስትቀይሩ በእሱ ታባዛላችሁ፣ ኪሎውን ወደ ሊትር ስትመልሱ ለእሱ ታካፍላላችሁ። የኔ 5 ኪሎ ለ1.4 ሲካፈል 3.6 ሊትር ገደማ ነው። በእማዬ ልክ ከሄድን ውሃው 11 ሊትር እንኳን አይሞላም ነበር። እኔ 15 አፈሰስኩበት። አንድ ለሦስት ነው ያልኩት ጠጅ አንድ ለአራትን አልፎ ነበር ማለት ነው። ሻጩ ምንም አላደረገኝም።

ዘይት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አንድ ሊትሩ 0.92 ኪሎ አካባቢ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት 4.6 ኪሎ ቢመዝን ተጭበረበርኩ አትበሉ፣ ልኩ ነው።

ይሄ ስህተት ከጠጅም የከፋ ነገር አምጥቷል። በ1975 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ በፈረንጅ 1983 መሆኑ ነው፣ ካናዳ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 አየር ላይ እያለ ነዳጁ አለቀበት። በጋኑ ውስጥ ያለው ነዳጅ በሊትር ተለካ፣ አውሮፕላኑ የሚፈልገው ግን በኪሎ ነበር። ሲያሰሉ በ0.8 ማባዛት ሲገባቸው በ1.77 አባዙ። 1.77 የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው። አገሩ ገና ወደ ኪሎ እየተሸጋገረ ነበር። ከሚያስፈልገው ግማሽ የማይሞላ ነዳጅ ይዘው ተነሱ። አየር ላይ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ዝም ሲሉ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን እያንሳፈፉ ጊምሊ የሚባል የድሮ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፉት። የተሳፈሩት 69 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጠጅ ማር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ከነሰፈፉ ነው። እዚያ ላይ 1.4 ብላችሁ ብታካፍሉ አይሰራም፣ ምክንያቱም ከኪሎው ላይ የተወሰነው ሰፈፍ ነው፣ ሰፈፉ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ብርዙ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ጠጅ አይሆንም። ውሃ የበዛበት ማርም ከደረቁ ይቀላል። ስለዚህ የራሳችሁን ማር ራሳችሁ መዝኑት። ባዶ ጆግ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፣ የተጣራ ማር እስከ አንድ ሊትሩ መስመር ሙሉበት፣ የሚወጣው ቁጥር የእናንተ ማር እፍግታ ነው።

ባለፈው እማዬ ጋ ስሄድ ሚዛኔን ይዤ ሄድኩ። ጣሳዋ ጠርዙ ትንሽ ጎበጥ ብሏል፣ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ውሃ ሞልተን መዘንነው፤ የጣሳው ክብደት ሲቀነስ 800 ግራም። 800 ሚሊ ይይዛል ማለት ነው። ማሩን ሞላንበት፣ 1 ኪሎ ከ120። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ ማቀዝቀዣዬ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።