የወርቁ ዛፍ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ አንድ ዛፍ አለ። የወርቅ ዛፍ።

ኬዳ በዛሬዋ ማሌዥያ ሰሜን ምዕራብ፣ ከታይላንድ ጋር የምትዋሰን የሩዝ አገር ናት። ሱልጣኖቿ በየሦስት ዓመቱ ከወርቅና ከብር የተሠሩ ትንንሽ ዛፎች ለሲያም፣ ለዛሬዋ ታይላንድ፣ ንጉሥ ወደ ባንኮክ ይልኩ ነበር። "ቡንጋ ማስ" ይሉታል፤ የወርቅ አበባ ማለት ነው። ሲያሞቹ "ገበሩልን" ይላሉ። ኬዳዎቹ ደግሞ "የወዳጅነት ስጦታ ነው" ባይ ናቸው። ዛፉ ያው አንድ ዛፍ ነው! እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

ሲያምን የፈሩት የኬዳው ሱልጣን አብዱላህ ሌላ ጉልበተኛ ፈለጉ። በ1786 (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፍራንሲስ ላይት የሚባል እንግሊዛዊ የኬዳን ደሴት ፔናንግን ለእንግሊዙ የንግድ ድርጅት፣ ለምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ ያዘ። ሱልጣኑ የፈቀዱት "ክፉ ቀን ሲመጣ እንግሊዝ ትደርስልኛለች" ብለው ነው። ኩባንያው ግን ቃል አልገባም። በ1791 ሱልጣኑ ደሴቲቱን በኃይል ሊያስመልሱ ሞክረው ተሸነፉ። በዓመት 6,000 ዶላር ኪራይ ተቆረጠላቸው፤ በቃ።

በ1821 የተፈራው ሲያም መጣ። በጊዜው የነበሩት ሱልጣን ሸሽተው የት የገቡ ይመስላችኋል? ፔናንግ! አከራዩ ተከራዩ ቤት ተጠለለ። ወደ ዙፋናቸው የተመለሱት በ1842 ነው።

አሁን አንድ ልጅ አስቡ። በ1903 በኬዳ ዋና ከተማ አሎር ሰታር፣ ከሱልጣኑና ከሲያም ተወላጅ እናት ተወለደ። ስድስት ዓመት ሲሞላው ሲያም ኬዳን ለእንግሊዝ አሳልፋ ሰጠች። በ1941 ጃፓን ገባች። በ1943 ጃፓን ኬዳን ለታይላንድ መለሰች። በ1945 እንግሊዝ ተመለሰች። በሰውዬው የትውልድ አገር ላይ ስንት ጌታ ተቀያየረ!

እኚህ ሰው ቱንኩ አብዱል ራህማን ናቸው። ኦገስት 31 ቀን 1957 ኩዋላ ላምፑር ስታዲየም ውስጥ "መርዴካ!"፣ ነፃነት፣ ብለው ሰባት ጊዜ የጮኹት፣ የማሌዥያ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር።

ኪራዩስ? በ1800 ከባሕሩ ማዶ ያለ መሬት ተጨምሮበት 10,000 ገብቶ ነበር። ነፃነት መጥቶም አልቆመም። ኬዳና ፔናንግ የአንድ አገር ልጆች ሆነው እንኳን፣ የፌዴራል መንግሥቱ በዓመት 10,000 ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) ለኬዳ መክፈሉን ቀጠለ። ሱልጣን አብዱላህ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ወታደርና መርከብ ነበር።