«ያሳርፉት»፣ እስከ መቼ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ታላላቆቼና ታናናሾቼ፤

እኛ የባሕር ዳር ጡረተኛ መምህራን በየዓመቱ ስንሰበሰብ ከመካከላችን አንድ ሰው ስለ ጤና አሥር ደቂቃ እንዲናገር ማድረግ ልማዳችን ነው። አምና ስለ ደም ግፊት፣ ካቻምና ስለ ዓይን ሞራ ሰምተናል። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ደርሶ ኮሚቴው «ጤናማ የጡረታ ዘመን» የሚል ርዕስ ሰጥቶኛል። ርዕሱን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ ሆኖም የመጣሁት ስለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ልናገር ስለሆነ ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ። መገጣጠሚያው ቀኝ ትከሻዬ፣ ሕመሙም «የደረቀ ትከሻ» የሚባለው ነው። ይህን ክንድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዞ የአንዳንዶቻችሁን ልጆች አስተምሯል፣ ጥቂቶቹንም በጆሯቸው ይዞ ከክፍል አስወጥቷል።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት በወርኃ መስከረም ነው። ሌሊት በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ሕመሙ ከእንቅልፌ ያባንነኝ ጀመር። በባሕር ዳር ከሐይቁ የሚመጣው የሌሊት ነፋስ የማይከሰስበት ሕመም የለምና እኔም ከሰስኩት፤ ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ዘግቼ በጋቢ ተጠቅልዬ ተኛሁ። በጥቅምት እጄ ጸጉሬን ለማበጠር አልደርስ አለ። ለኅዳር ሚካኤል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ ነጠላዬን ላጣፋ ብል ክንዴ ከደረቴ በላይ አልወጣ ስላለ፣ ጫፉ መሬት ሲጎተት ያየች አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ «እማማ፣ ላልብስዎት?» አለችኝ። ያኔ ዕድሜዬ 57 ነበር። ከትከሻዬና እማማ ከመባሌ የትኛው ይበልጥ እንዳሳመመኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ከዚያ በኋላ ወደ አንድ የሕክምና ቤት ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። ራጅ ተነሣሁ። ባለሙያው ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «አጥንትዎ ደኅና ነው፤ ያሳርፉት» አለኝ። ማስታገሻ ጻፈልኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። አጥንቱ ደኅና ነው ያለው እውነት ነበር። የሚደርቀው መገጣጠሚያውን የከበበው ሽፋን ስለሆነ፣ በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ራጅ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚታየው። የእኔ ቅሬታ ከዚያ በኋላ በመጣችው በአንዲቷ ቃል ላይ ነው።

ታዛዥ ሰው ነኝና አሳረፍኩት። የአንገት ልብሴን አጥፌ ክንዴን ከአንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ጎረቤት ሁሉ ተረባረበልኝ፤ አንዷ እንጀራ ትጋግርልኛለች፣ ሌላዋ ቡና ትወቅጥልኛለች፣ ልጄ ጀበናውን ላነሣ ስል ሮጣ ትቀማኛለች። አራት ወር ሙሉ እንደ አራስ ተጦርኩ። በመጋቢት የአንገት ልብሱን ስፈታው ክንዴ ከጎኔ ጋር የተሰፋ ይመስል ነበር። እጄን ወደ ኋላዬ ልመልስ ብል ዳሌዬን እንኳ አላልፍ አለኝ፤ ለሰላምታ ስዘረጋውም ትከሻዬ አብሮ ወደ ጆሮዬ ይነሣ ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆጣ ነውና ታገሡኝ። እኛ መምህራን ነን። ለተማሪ የቤት ሥራ ሰጥተን፣ የሚሰበሰብበትን ቀን ሳንናገር ከክፍል የወጣንበት ጊዜ አለ? ታዲያ አንድን ሰው «አሳርፈው» ብሎ እስከ መቼ እንደሆነ አለመንገር ምን ዓይነት ምክር ነው? ለሦስት ቀን ነው? ለሦስት ሳምንት ነው? ሌሊት ብቻ ነው ወይስ ቀንም ጭምር? ከባድ ዕቃ አታንሺ ማለት ነው ወይስ ጨርሶ አታንቀሳቅሺው? ትከሻን ለረጅም ጊዜ አስሮ ማቆየት ራሱ ትከሻ እንዲደርቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑ በሙያው የታወቀ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምርልኝ ኖሮ እነዚያን አራት ወራት በገዛ እጄ ራሴን ሳስር አልከርምም ነበር። ዕረፍት መድኃኒት ከሆነ እንደማንኛውም መድኃኒት መጠኑና ቀኑ ተጽፎ ይሰጥ! ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው ጥቂት መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን «ለሳምንት ያሳርፉትና ተመልሰው ይምጡ» ለማለት ስንት ሰኮንድ ይፈጃል?

ከማሰሪያው ስወጣ ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ወደቅኩ። «የደረቀ ነገር ካልተሳበ አይላቀቅም» ብለው ዘመዶቼ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። የወለቀ አጥንት ሲመልሱ ያየኋቸው ወጌሾች ስላሉ ሙያውን አልንቅም። እኚህኛው ግን ትከሻዬን በቅቤ አሽተው፣ ጉልበታቸውን ከብብቴ ሥር ደግነው፣ ክንዴን በአንድ ጊዜ ሽቅብ ሳቡት። ጩኸቴን ሰምቶ አንድ ባጃጅ ነጂ ከመንገድ ቆሟል ይባላል፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ባጃጅም ሰውም አላየሁም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነው ያደርኩት።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ደረስኩ። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ እጄን ወደ ውጭ እንዳዞር አዘዘችኝ፤ አልዞር አለ። ቀጥላ እሷ ራሷ ቀስ ብላ ልታዞረው ሞከረች፤ አሁንም አልዞር አለ። «ጅማት ብቻ ቢሆን እርስዎ ባይችሉ እንኳ እኔ ሳዞረው ይሄድ ነበር። ለሁለታችንም እምቢ ስላለ የደረቀ ትከሻ ነው» አለችኝ። መገጣጠሚያውን የከበበው ሽፋን እንደሚቆጣ፣ ከዚያም እየወፈረና እየጠበበ እንደሚሄድ አስረዳችኝ፤ በፈላ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ የሱፍ ሹራብ በዓይነ ኅሊናዬ መጣልኝ። ሕመሙ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚበዛ፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እንደሚያጠቃ፣ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ነገረችኝ። እኔ ስኳር አለብኝ፤ ከእሷ በፊት ግን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ያኔ እንደ ተማሪ ጥያቄዬን አቀረብኩ፤ «ላሳርፈው ወይስ ላንቀሳቅሰው?» አልኳት። «ሕመሙ የትኛው ወቅት ላይ እንዳለ ይወስነዋል» አለችኝ። ይህ ሕመም ሦስት ወቅት አለው። በመጀመሪያው ሕመሙ እየባሰ ክንዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ሕመሙ ጋብ ሲል ድርቀቱ ይቀራል፤ በሦስተኛው ቀስ በቀስ ይፈታል። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሕመሙ በሚያይልበት ወቅት መሳብና መጫን ቁጣውን ያባብሰዋል፤ ጨርሶ ማሰርም ትከሻውን ያደርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኔዘርላንድስ የወጣ፣ 77 ታማሚዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ሕመም በሚፈቅደው ልክ ብቻ እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት ውስጥ 89 በመቶው በሁለት ዓመት ጊዜ ወደ ደኅናው ትከሻ ሲጠጉ፣ ከሕመሙ ድንበር አልፈው በጉልበት ከተሠራላቸው ግን 63 በመቶው ብቻ ነበሩ እዚያ የደረሱት። የእኔን ወጌሻ የሚያህል ጉልበት በጥናቱ ውስጥ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

የሰጠችኝ ሥራ ትንሽ ነበር፤ ልዩነቱ ቀን የተቆረጠለት መሆኑ ነው። በመጀመሪያ በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ትከሻዬ ላይ አኖራለሁ። ከዚያ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ ጎንበስ እልና ቀኝ ክንዴን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ለቅቄ በትንሹ አወዛውዘዋለሁ። ይህን እንቅስቃሴ ያስተዋወቀው ኮድማን የተባለ የቦስተን ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ሕመሙን «የቀዘቀዘ ትከሻ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ቀጥሎ በጀርባዬ ተኝቼ የባለቤቴን መቋሚያ በሁለት እጄ እይዝና በደኅናው እጄ የታመመውን ወደ ውጭ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ባለቤቴ መቋሚያው ለማሕሌት እንጂ ለዚህ አልተሠራም ብሎ ሁለት ቀን አኩርፎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ። በመጨረሻ ከማድቤቱ በር መቃን ፊት እቆምና ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኬዳለሁ። የደረሱበት ላይ በጠመኔ አሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያዋ መስመር ከወለሉ 1 ሜትር ከ18 ሴንቲ ሜትር ላይ ነበረች። በአንድ ወር የወጣሁት አራት ጣት ነው። ካለፈው ቀን ያነሰችበትም ቀን አለ፤ ያንንም ጽፌዋለሁ። ሕጉ ቀላል ነበር፤ የሠራሁበት ሕመም በማግሥቱ ካልለቀቀኝ አብዝቻለሁ ማለት ነውና እቀንሳለሁ፤ ከለቀቀኝ እቀጥላለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ተመልሼ እታያለሁ። በአሥረኛው ወር ጣቶቼ የመብራቱን ማብሪያ አለፉ። ዘንድሮ ለኅዳር ሚካኤል ነጠላዬን ራሴ አጣፋሁ፤ ያቺን ልጅ በዓይኔ ፈልጌ አጣኋት እንጂ ላሳያት ነበር።

ጊዜዬ ስላለቀ የቀረውን በአጭሩ እላለሁ። በእኛ ሐይቅ ዳር «ታንኳ ቀዛፊ ትከሻው አይደርቅም» የሚል ወሬ አለ፤ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ሲያመላልሱ የኖሩ አንድ አባት በፊዚዮቴራፒው አግዳሚ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ስላየሁ አትመኑት። ትከሻ ላይ የሚሰጠው መርፌ በተለይ በመጀመሪያው ወቅት ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፤ ስኳር ያለብን ሰዎች ግን መርፌው የደም ስኳርን ለጊዜው ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ስኳር እንዳለብን ለሐኪሙ አስቀድመን እንንገር። ሕመሙ ከደረት ጋር ከመጣ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከመውደቅ በኋላ ከሆነ መቃን ፊት አትቁሙ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ሂዱ።

ከሻዩ በፊት አንድ ነገር አለ። የአዳራሹን ጠባቂ አስፈቅጃለሁ፤ ከኋላ በር አጠገብ ጠመኔ አስቀምጫለሁ። ክንዱ አልነሣ የሚለው ሁሉ ግድግዳው ላይ እስከማያመው ድረስ ጣቶቹን ያውጣና ያስምር፤ በቀጣዩ ስብሰባ እንለካዋለን። ቀኑን መጻፍ እንዳትረሱ።