ሠላሳ ስድስት ወር

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ላይ የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። የጦሳን ተራራ ቀና ብዬ ሳየው ግን ጭጋጉ ወገቡ ድረስ ወርዷል፤ ዛሬ የሚያባራ አይመስልም።

በዚህ በሚያዝያ 57 ዓመት ሞላኝ። ልደት የማክበር ልማድ የለኝም። ዘንድሮ ግን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 60 ልሞላ ሦስት ዓመት ቀረኝ። ሦስት ዓመት ማለት 36 ወር ነው። የጡረታ አበል የሚሰላው ደግሞ ከመውጣታችን በፊት ባለው የመጨረሻ 36 ወር አማካይ ደመወዝ ነው። እንግዲህ የእኔ 36 ወር ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ የምቀበለው ደመወዝ የዛሬ አስቤዛዬ ብቻ አይደለም፣ የእርጅናዬም ነው።

33 ዓመት ሳስተምር ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። የገባኝ ዘንድሮ ነው፣ በጓደኛዬ ምክንያት። ስሟን አልጠራም። ግድግዳ ብቻ ለይቶን 19 ዓመት አብረን አስተምረናል። የእሷ ክፍል ሲስቅ የእኔ ተማሪዎች አብረው ይስቁ ነበር፣ ምን እንደተባለ እንኳ ሳይሰሙ። ሰኔ 2017 ላይ 60 ሞላት። ጋቢ አልብሰን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ መርቀን ሸኘናት።

ክረምቱ አለፈና መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተጨመረ። ጭማሪው ቀላል አልነበረም። አዲስ የሚቀጠር ባለዲግሪ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ነው የሄደው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደስታ ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

በዚያው ሰሞን ሸዋበር ያለው ቤቷ ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራን። ስለ ደመወዙ ግን ሁለታችንም አላነሳንም። በረካው ላይ ስኒውን እንደያዘች፣ "እህቴ፣ የቀደምኳችሁ እኮ ሁለት ወር ብቻ ነው" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሲከፋኝ ማስላት ይቀናኛል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። እስክሪብቶ ያላችሁ ያዙ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የአማካይ ደመወዛችሁ 30 በመቶ ይያዛል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 70 ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ብቻ ነው እዚያ የሚደርሰው። 30 ዓመት የሠራ 55 በመቶ ያገኛል። እኔ ስወጣ 36 ዓመት አልፎኝ ስለምወጣ 62.5 በመቶ ላይ ነኝ።

አሁን አማካዩን እንይ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በመጀመሪያው በወር 6,000 ብር፣ በሁለተኛው 9,000፣ በሦስተኛው 15,000 ብር ነበር የሚያገኘው እንበል። የ36ቱ ወር ድምር 360,000 ብር ነው። ለ36 ሲካፈል 10,000 ይመጣል። 30 ዓመት አገልግሎት ካለው 55 በመቶው 5,500 ብር ነው። ቤቱ የለመደው ግን 15,000 ነው። በመጨረሻው ደመወዙ ቢሰላለት 8,250 ይሆን ነበር። በየወሩ 2,750 ብር ልዩነት፣ ዕድሜ ልኩን።

እዚህ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ለካ ጓደኛዬ ጭማሪው ከመጣ በኋላ ሁለት ወር ብትሠራም ብዙ አይጠቅማትም ነበር። ከ36ቱ ወር ውስጥ አዲሱ ደመወዝ የሚገባው የሁለቱ ብቻ ነበራ! የመስከረም 2018ቱ ጭማሪ ሙሉ በሙሉ አበሉ ላይ የሚታይለት ሰው ከመስከረም 2021 ወዲህ የሚወጣ ነው። ዘንድሮ የሚወጣ፣ ከርሞም የሚወጣ፣ በ2020 የሚወጣም ቁራጩን ነው የሚያገኘው። እኔ ለጥቂት ወራት ተርፌ ሙሉውን አገኛለሁ። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ፣ ያው ጠመኔ፣ ያው የፈተና እርማት። የለየን እናቶቻችን የወለዱበት ዓመት ነው።

በአማካይ ማስላት ለምን እንደመጣ ይገባኛል። ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው እድገት ተሰጥቶት በዚያ ዕድሜ ልኩን የሚከፈለው ሰው እንዳይኖር ነው። ይህ ለጡረታ ፈንዱ ጥበቃ ነው፣ ትክክልም ነው። ዋጋ ተረጋግቶ በሚኖርበት ጊዜ ሦስት ዓመት ወደኋላ መቁጠር ማንንም አይጎዳም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ደመወዝ የሌላ ዘመን ደመወዝ ሆኗል። አንዴ የተወሰነ አበል ደግሞ ገበያው በጨመረ ቁጥር አብሮ አይጨምርም። ማስተካከያ የሚመጣው መንግሥት አጥንቶ ሲወስን ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የደመወዝ ስኬል በተነካ ቁጥር በቅርብ ዓመታት የወጡት ሰዎች አበል አብሮ ይታይ። በ2014 የወጡት አዲሶቹ አዋጆች፣ 1267 ለመንግሥት ሠራተኛው፣ 1268 ለግሉ፣ 60ውን ዓመት አልነኩም። ከእኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚለው የጡረታ መዋጮም እንዳለ ነው። የፈንዱ ገንዘብ ኢንቨስትመንት ላይ እንዲውል ግን መንገድ ተከፍቷል። ከዚያ የሚገኘው ትርፍ እንደ ጓደኛዬ ላሉት እንዲደርስ ከልቤ እመኛለሁ።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። የእሱ ከእኔ ይብሳል።

ባለቤቴ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው፣ የግል ድርጅት ውስጥ። ከሐምሌ 1990 ጀምሮ በየማለዳው የሐረጎን ቁልቁለት በሰርቪስ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው እስኪገባ ድረስ ልቤ አያርፍም። የዛሬ ዓመት፣ በሰኔ 2019 ጡረታ ሲወጣ 29 ዓመት ይሆነዋል።

29 ዓመት ግን አይያዝለትም። የግል ድርጅት ሠራተኛ በጡረታ መታቀፍ የጀመረው በአዋጅ 715፣ ከሐምሌ 2003 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አንዳንድ ድርጅቶች ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ሠራተኛው ሲወጣ የሚሰጠው የተጠራቀመ ገንዘብ፣ ነበራቸው፤ የእሱ አልነበረውም። ስለዚህ 13ቱ ዓመት ባዶ ነው። የሚቆጠርለት 16 ዓመት ብቻ። 30 ሲደመር ስድስት ጊዜ 1.25፣ 37.5 በመቶ። 29ኙ ቢያዝ ኖሮ ከ53 በመቶ በላይ ነበር። ቁጥሩን ሳሳየው ብዙ አልተናገረም። "እነዚያ ዓመታት እኮ ጉልበቴ የነበረባቸው ናቸው" አለ። እውነቱን ነው። የሌሊት ፈረቃውን ሁሉ የሠራው ያኔ ነው።

አዋጁን መውቀስ አልችልም። ያ አዋጅ ባይመጣ 37.5ቱም አይኖርም ነበር። አንዳችን ብንቀድም ለቀሪው የአበሉ ግማሽ ይከፈላል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። የሚያመኝ ሌላ ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ስንት አባወራዎች የዓመታቸውን ቁጥር ሳያውቁ ቢሮ ሊሄዱ ነው። 30 ዓመት ሠርቻለሁ ብለው ገብተው፣ 16 ነው ተብለው ሊወጡ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለቤቴና እኔ እኩዮች ነን። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "በ66ቱ ድርቅ አምስት ዓመቱ ነበር፣ በጀርባዬ ነው ያሻገርኩት" ይሉ ነበር። 1961 ማለት ነው፣ እንደ እኔው። ሲቀጠር ግን የሕይወት ታሪክ ፎርሙ ላይ በግምት 1959 ብሎ ሞላ። ያኔ ማን 60 ዓመትን ያስባል? ሕጉ የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡትን ዕድሜ ነው። ኋላ የሚመጣ ማስረጃ አይለውጠውም። ሁለት ዓመት ደመወዝ፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ በአንድ መስመር ጽሕፈት ሄደ። ልጆቻችሁ አሁን ሥራ ሊቀጠሩ ከሆነ ያቺን ፎርም ሲሞሉ አጠገባቸው ቁሙ።

የፋይሉ ነገር ደግሞ አለ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንቶቻችን እግራችን ወደመራን ወጣን። እኔ አንድ ቦርሳ ነበር የያዝኩት። የልጆቹን ሰርተፍኬትና በ1985 ወረባቦ ስመደብ የተሰጠኝን የቅጥር ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልዬ ከሥር አደረግሁት። ጠርዙ ተበልቷል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ባለቤቴ ባዶ እጁን ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ተመልሶ፣ እሱም ሥራ ቦታው ሲሄድ ወረቀቱ በግቢው ተበትኖ፣ ዝናብና ጫማ ረግጦት ነበር ያገኘው። የእሱ ማህደር ከዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር እስካሁን አላየነውም። አራት ዓመት ሙሉ አልጠየቅንም። መጀመሪያ ሕይወት ቀደመ፣ ከዚያ ዝም ብለን ረሳነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ጠየቅሁ። ሰው ሀብት ላይ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ አለ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። "ቲቸር፣ መጀመሪያ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይያዙ" አለኝ። "ቀጥሎ ከደመወዙ የተቆረጠው መዋጮ በየወሩ ገቢ መሆኑን ያረጋግጡ። ፔሮል ላይ መቆረጡ ብቻ አይበቃም። የቅጥር ደብዳቤው ከጠፋም አሁኑኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሰውየው ሥራ ላይ እያለ መጠየቅና ከወጣ በኋላ መጠየቅ አንድ አይደለም።" ቦርድ ላይ ቆሞ የክፍልፋይ ስሌት ሲያቅተው የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ እሱ አስረዳኝ፣ እኔ ጻፍኩ።

ትናንት ማታ እኔና ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን አገላበጥነው። አንድ የ1998 የደመወዝ ስሊፕ ተገኘ። ሁለት የሥራ መታወቂያ፤ በአንዱ ላይ ፀጉሩ ጥቁር ነው። የ2003ቱ የጡረታ ምዝገባ ፎርም ኮፒ ከአሮጌ ቁርዓኑ ውስጥ ታጥፎ ወጣ። አባቱ ያወረሱት ቁርዓን ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤት ያስቀመጠልን። ወረቀቱን ሲያየው አልሃምዱሊላህ አለና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

ሰኞ ፈቃድ ወስዷል። እኔም ከሰዓት ነው የማስተምረው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐረጎን አብረን እንወርዳለን። ፌስታሉን እኔ እይዛለሁ።