የበርኖሷ ሹል፦ የልጆች ፊልም ጀግና ሁሉ የመነሻ ታሪክ ያስፈልገዋል?

ጤና ይስጥልኝ ተመልካቾቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የምናገረው ከደብረ ብርሃን ነው። ከድምፄ ጋር ፉጨት ከሰማችሁ ነፋሱ ነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ጸጥ ያለ ቀረጻ መመኘት ከንቱ ነው። መስኮቱን በጨርቅ ደፍነናል፣ ከዚያ በላይ አቅም የለንም።

የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ልጆች የሚወዷቸው የፊልም ገጸ ባሕርያት «ከዚያ በፊትስ ምን ነበሩ?» ለሚለው መልስ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሌላ ፊልም ያስፈልጋቸዋል? አንበሳው ገና ደቦል ሳለ። ክፉዋ ሴትዮ ክፉ ከመሆኗ በፊት። ቸኮሌት ሠሪው ፋብሪካውን ከመክፈቱ በፊት። የእኔ አጭር መልስ፦ ብዙዎቹ አያስፈልጋቸውም። ረጅሙን መልስ ለመስጠት ግን በርኖስ ያስፈልገኛል።

አዎ፣ በርኖስ።

[ምስል፦ በርኖስ የደረቡ አዛውንት፤ ካሜራው ወደ ቀኝ ትከሻቸው ይጠጋል]

በርኖስ ለአገሬ ሰው ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ለቆላ ተመልካቾቻችን ስል ግን ልናገር፦ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ የእኛን ብርድ ፊት ለፊት የሚገጥም ካባ ነው። አሁን ቀኝ ትከሻውን ተመልከቱ። ወደ ላይ ቀጥ ያለች ሹል አለች። አያችኋት? ዝናብ አታስጠልል። ብርድ አትመልስ። ኪስ አትሆን። ዝም ብላ ቆማለች። እርሷን ብትቆርጧት ግን በርኖሱ በርኖስ መሆኑ ይቀራል፤ ተራ ብርድ ልብስ ይሆናል።

ልጅ ሁሉ ይጠይቃል። «አባባ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ሦስት አያት ጠይቁ፣ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። አንደኛው ስለ ጦር ያወራሉ። ሁለተኛው ስለ ማዕረግ ያወራሉ። ሦስተኛው «ይልቅ በሩን ዝጋ፣ ብርድ ገባ» ይላሉ። ከሦስቱ እኔ የማምነው ሦስተኛውን ነው።

እንግዲህ አንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ መጣና «የሹሏ ታሪክ» የሚል ፊልም ልሥራ አለ እንበል። ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ? አያታችሁ ገና ሕፃን ናቸው። መንዝ ላይ ወላጅ አልባ ሆነዋል። ያላቸው አንድ ጠቦት ብቻ ነው፤ ጠቦቱም ባለ አንድ ቀንድ ነው። ጓሳ ላይ ሌሊት ጅብ ይመጣል። ጠቦቱ በመሐል ይገባል፤ ልጁን ያድናል፤ እርሱ ይሞታል። ዋሽንት። ልጁ እያለቀሰ ቀንዷን በካባው ትከሻ ላይ ይሰፋታል። ካሜራው ወደ ሰማይ ይወጣል። ተፈጸመ።

ከዚያ ቀን በኋላ አያታችሁ በርኖሳቸውን ደርበው ወደ ገበያ ሲወጡ የምታዩት አያታችሁን አይደለም። የሞተ በግ ነው የምታዩት።

ቅሬታዬ በሙሉ እዚህ ላይ ነው። ገጸ ባሕርይ ሁሉ አንዲት ሹል አለችው። የመነሻ ታሪክ ፊልም ደግሞ ሹል ባየ ቁጥር ቀንድ ያለው በግ ይፈልጋል።

አላመናችሁኝም? እሺ፣ የአንበሳው ንጉሥ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ፊልም ላይ ስካር የሚባለው ክፉ አንበሳ ፊቱ ላይ ጠባሳ አለበት። ከየት መጣ? ፊልሙ አይናገርም። እኛም አልጠየቅንም፤ ምክንያቱም ያ አንበሳ ተንጋሎ ሲናገር ጠባሳው በቅናት የመጣ ይመስላል። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ በንጉሡ አንበሳ ስም የተሰየመው «ሙፋሳ» የሚለው ፊልም መጣ። የስካር የልጅነት ስሙ ታካ እንደሆነ ተነገረን። ጠባሳውም ሙፋሳን ለማዳን ብሎ መሐል ሲገባ የቆሰለው ሆነ። ያ ብቻ አይደለም፤ ነገሥታቱ የሚቆሙበት ታላቁ ዐለት እንኳ መነሻ ታሪክ አግኝቷል። የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ያቆመው። ዐለቱ! ድንጋይ እንኳ ዝም ብሎ ድንጋይ መሆን አልተፈቀደለትም።

(በነገራችን ላይ የዚያን ፊልም ጠቢብ ዝንጀሮ፣ ራፊኪን፣ ሳየው ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ያ ፊልም የምኒልክ መስኮት ላይ ቢቀረጽ ኖሮ ጠቢቡ ሽማግሌ ጭላዳ ይሆን ነበር። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ ካባ የሚያህል ጎፈር፣ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ምክር ሲሰጥ። ሆሊውድ ያጣውን አያውቅም።)

ክሩኤላን ደግሞ ተመልከቱ። በ1961ዱ ካርቱን ይህች ሴትዮ ከቡችሎች ቆዳ ካፖርት ልታሰፋ ትፈልጋለች። ይኸው ነው። ልጅ ለመፍራት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ2021 በወጣው ፊልም ግን እናቷን ከገደል ገፍተው የጣሏት ዳልማሽያን ውሾች ናቸው ተባልን። ሴትዮዋ ውሻ የምትጠላበት ምክንያት ተገኘላት። አሁን ልፍራት ወይስ ለቅሶ ልድረስ?

የቸኮሌት ሠሪው የዊሊ ዎንካ ግን ይብሳል። በ1964 በታተመው መጽሐፍ ስለ ወላጆቹ ምንም አይባልም። በ2005ቱ ፊልም አባት ተሰጠው፤ ያውም የጥርስ ሐኪም። ልጁን ጭንቅላቱን ሁሉ በከበበ የጥርስ ማሰሪያ ብረት አስሮ ከረሜላ የሚከለክል አባት። በ2023ቱ ፊልም ደግሞ እናት ተሰጠው፤ ቸኮሌት የምትሠራለት፣ መልእክቷን በወርቃማ ወረቀት የምትተውለት ደግ እናት። አንዱ ከረሜላ ስለተከለከለ ቸኮሌት ሠሪ ሆነ፤ ሌላው ቸኮሌት ስለተሰጠው ቸኮሌት ሠሪ ሆነ። አያችሁ? ሁለት አያት፣ ሁለት መልስ። ሰውየው ግን መጽሐፉ ላይ ያለ አባትም ያለ እናትም ቆሞ ሲያስቀን ኖሯል።

የአሠራሩን ነገር ቶሎ ብዬ ልለፈው፣ የድርሰት ሀ ሁ ስለሆነ ታውቁታላችሁ። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ልብ አያንጠለጥልም፤ ሙፋሳ ከጎርፉ እንደሚተርፍ ገና ቲኬት ስንቆርጥ እናውቃለን። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይጋጫል፤ በ2001ዱ «ሞንስተርስ ኢንክ» ጭራቁ ማይክ ለጓደኛው ለሱሊ «ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ በመልኬ ትቀናለህ» ይለዋል፣ በ2013ቱ የመነሻ ታሪክ ፊልም ግን የሚተዋወቁት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው። ለምን ይሠራል ካላችሁ ደግሞ ገንዘብ ነው፦ የታወቀ ስም አዲስ ስም ከማስተዋወቅ ይቀላል፤ «ሚኒየንስ» በ2015 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። አለቀ፣ እንቀጥል።

እንቀጥል ብዬ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስለ በዝ ላይትይር፣ «ቶይ ስቶሪ» ፊልም ላይ አንዲ የሚባለው ልጅ ስላለው የጠፈር ጠባቂ አሻንጉሊት፣ የጻፋችሁት አስተያየት አላስቀጥል አለኝ። ብዙዎቻችሁ «የበዝ ላይትይር ፊልም እኮ የአሻንጉሊቱ የልጅነት ታሪክ ነው፣ አንዲ እጅ ከመግባቱ በፊት የኖረበትን ያሳያል» ብላችኋል። አንዳንዶቻችሁማ ተሳድባችኋል። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ አይደለም! በ2022 የወጣው «ላይትይር» ሲጀምር ጽሑፍ ይወጣል፤ አንብቡት። በ1995 አንዲ የሚባል ልጅ አሻንጉሊት ተሰጠው፣ አሻንጉሊቱ ከሚወደው ፊልም የመጣ ነው፣ ፊልሙም ይኸው ነው ይላል። ማለትም ያያችሁት ሰውየ አሻንጉሊቱ የተሠራበት ምሳሌ እንጂ አሻንጉሊቱ ራሱ አይደለም። አሻንጉሊቱ አንድም ቀን ጠፈር ላይ አልነበረም።

ደግሞስ የአሻንጉሊቱን መነሻ የመጀመሪያው «ቶይ ስቶሪ» በ1995 ነግሮን የለ እንዴ? በዝ እውነተኛ የጠፈር ጠባቂ ነኝ ብሎ ያምናል። ክፉው ልጅ ቤት ገብቶ ሳለ በቴሌቪዥን የራሱን ማስታወቂያ ያያል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «የሚበር አሻንጉሊት አይደለም» ይላል። በዝ ክንዱ ላይ ያለችውን ክዳን ይከፍታል፤ «ታይዋን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ያነባል። አያምንም። ደረጃው መደገፊያ ላይ ይወጣል፣ ወደ መስኮቱ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ክንዱ ይገነጠላል። የበዝ መነሻ ታሪክ ይህ ነው፦ ፋብሪካ። ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝን መነሻ አሳዩኝ እስቲ። ስለዚህ እባካችሁ፣ «አሻንጉሊቱ ጠፈር ላይ ሳለ» የሚል አስተያየት ዳግመኛ አልይ።

ወደ ነገራችን። የሚያስፈልግ መነሻ ታሪክ የለም ወይ? አለ። «ቶይ ስቶሪ 2»ን እዩ፣ በ1999 የወጣውን። ዉዲ፣ ሌላው የአንዲ አሻንጉሊት፣ በ1950ዎቹ የቴሌቪዥን ትርዒት ጀግና እንደነበረ ያውቃል። ያንን ማወቁ ግን ወዲያው አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል፦ ቶኪዮ ሙዚየም ሄዶ መስታወት ውስጥ ለዘላለም ተከብሮ ይቀመጥ፣ ወይስ አድጎ ሊጥለው ወደሚችለው አንዲ ይመለስ? ያለፈው ታሪክ ዛሬ አንድ ነገር ምረጥ ይለዋል። የስካር ጠባሳ ግን ስካርን ምንም ምረጥ አይለውም። ጠባሳ ነው፣ ተብራራ፣ በቃ።

ደግሞ አጭር ሊሆን ይችላል። በ2007ቱ «ራታቱይ» ምግብ ተቺው ኤጎ አንድ ጉርሻ ይቀምሳል፤ ወዲያው ሕፃን ሆኖ በእናቱ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ይታያል፤ እናቱ ያንኑ ምግብ ታቀርብለታለች። ሴኮንዶች ናቸው። ስለ ሰውየው ሁሉን አወቅን። ዛሬ ቢሆን ከዚያች ጉርሻ የሁለት ሰዓት ፊልም ይወጣባት ነበር፤ ስሙም «ኤጎ» ይባል ነበር፤ ማንኪያውም መነሻ ታሪክ ይኖረው ነበር።

«ልጆች ስለሚጠይቁ መልስ ሊሰጣቸው ይገባል» ላላችሁኝ ወላጆች፦ ይጠይቁ። ልጅ የሚጠይቀው ራሱ ሊመልሰው ነው። የስካርን ጠባሳ የሰፈር ልጆች እንዲያብራሩ ብታደርጉ ከፊልሙ የተሻለ አምስት ታሪክ ታገኛላችሁ፤ በአንዱ ላይ የሸንኮራ ቆረጣ ይገባበታል።

በመጨረሻ አንዲት እናት «የእኛዋ ጸሐይስ? ቀጭኔዋ?» ብለው ጠይቀዋል። ለማታውቋት፣ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው የልጆች ዝግጅት ላይ ያለችው አሻንጉሊት ናት። እትዬ፣ ጸሐይ ገና ልጅ ናት፤ የልጅነቷ ታሪክ አሁን የምናየው ነው። ለእርሷ መነሻ ሳይሆን ተጨማሪ ክፍል ነው የሚያስፈልጋት፤ እርሱንም የሚሠራ ከተገኘ እኔ የመጀመሪያው ተመልካች ነኝ።

ቻናሉን ተከተሉ፣ የደወሏን ምልክት ተጫኑ። የአያታችሁ መልስ ስለ በርኖሷ ሹል ምን እንደነበረ ከታች ጻፉልኝ፤ የሚጣፍጠውን በሚቀጥለው ቪዲዮ አነበዋለሁ። ስለ በዝ የምትጽፉ ግን መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ።