ቻርቱ፣ አጎቴና የፋሲካ በግ

ሰላም፦ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከደብረ ብርሃን ነን፤ ብርዱም እንዳለ ነው። የዛሬው ርዕስ ቴክኒካል አናሊሲስ ነው። የአክሲዮን ዋጋ በቀጣዮቹ ቀናት ወዴት እንደሚሄድ ከቻርት ላይ ማወቅ ይቻላል ወይ?

ብሩክ፦ ማወቅ አይባልም፣ መገመት ነው። የኩባንያውን ትርፍ አይደለም የምታዪው። ዋጋው የት ነበር፣ ስንት አክሲዮን ተገበያየ፣ እሱን ነው። አሁን መንዝ ያለው አጎቴ...

ሰላም፦ መጡ! እኔ እኮ ገና ርዕሱን ተናግሬ አልጨረስኩም።

ብሩክ፦ ስሚኝ እንጂ! አጎቴ ለፋሲካ በግ ይዘው እዚህ ይመጣሉ። ጠዋት አይሸጡም። ዝም ብለው ይቆማሉ። ደላላው ይመጣል፣ የበጉን ወገብ ይጨብጣል፣ ዋጋ ይጠራል። እሳቸው መልስ የላቸውም። የሚያዩት ሌላ ነው። ስንት ሲባል ነው ገዢው ጥሎ የሚሄደው? ስንት ሲባል ነው የሚሻማው?

ሰላም፦ የሰው ፊት ያነባሉ በለኛ።

ብሩክ፦ የሚሻሙበት ዋጋ ቻርት ላይ ሰፖርት ይባላል። ጥለው የሚሄዱበት ሬዚስታንስ ነው። እንዲያውም ያ ሻማ ሻማ የሚመስለው ቻርት የመጣው ከጃፓን ሩዝ ነጋዴዎች ነው። አጎቴ ቢያዩት አይገርማቸውም።

ሰላም፦ ታዲያ ሁሌ ያተርፋሉ?

ብሩክ፦ የት! አንዴ ይጨምራል ብለው እስከ ዋዜማው ያዙ። ከሰዓት በኋላ በግ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ማን ይግዛ? በጉን እየነዱ ተመለሱ። እናቴ እስከ ዛሬ «ወንድሜ በጉን ከተማ ሊያሳየው ነው የመጣው» ትላለች።

ሰላም፦ (ሳቅ) ጎብኝቶ ተመለሰ! ግን አየህ፣ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ቻርት ያለፈውን ነው የሚያሳየው። ከሰዓት የሚመጣውን በግ አያሳይም።

ብሩክ፦ ቮሊዩም፣ የተገበያየው አክሲዮን ብዛት ማለቴ ነው፣ ፍንጭ ይሰጣል። ዋጋው ሬዚስታንሱን ሰብሮ ሲወጣ ብዙ አክሲዮን ከተገበያየ ትንሽ እመኚው። ጥቂት ሰው ብቻ ከሆነ የገፋው፣ ሊመለስ ይችላል።

ሰላም፦ «ሊመለስ ይችላል!» ሁሌ ይችላል ነው እኮ።

ብሩክ፦ ይችላል ነው እንግዲህ! ለዚህ ነው ስቶፕ ሎስ የሚያዘው። ከዚህ በታች ከወረደ እሸጣለሁ ብለሽ ሳትገዢ በፊት ትወስኛለሽ። አጎቴ የጎደላቸው እሱ ነው።

ሰላም፦ እሺ፣ እነዚያ አማካዮቹስ? የ50 ቀን፣ የ200 ቀን አማካይ ዋጋ የሚሉት።

ብሩክ፦ የ50ው የ200ውን ከታች ወደ ላይ ሲያቋርጥ ብዙዎቹ ይደሰታሉ። ለአጭር ጊዜ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ዋጋው ከሄደ በኋላ ነው የሚነግርሽ። ለእኔ አርኤስአይ ይሻለኛል፤ ዋጋው ሰሞኑን ምን ያህል በኃይል እንደወጣ ወይም እንደወረደ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ቁጥር ነው። ዌልስ ዋይልደር በ1978፣ በአውሮፓውያኑ ማለቴ ነው፣ ያወጣው። ከ70 በላይ ሲሆን ግዢው በዝቷል፣ ከ30 በታች ሲሆን ሽያጩ በዝቷል ይባላል።

ሰላም፦ 70 ሲደርስ እሸጣለሁ ማለት ነዋ?

ብሩክ፦ አይደለም! ገበያው ጠንካራ ከሆነ ከ70 በላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ሰላም፦ አሁንም ይችላል! እሺ፣ የእኛው ገበያስ? አዲስ አበባ ያለው።

ብሩክ፦ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ጥር 2017 ነው የተከፈተው፤ ወጋገን ባንክ ቀድሞ ገባ። ገና ለጋ ነው። ግብይቱ ሲሳሳ ቻርቱ ይዋሻል። አንድ ሰው ትንሽ ሲገዛ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፤ አንቺ ገበያው ተነሣ ትያለሽ።

ሰላም፦ ስለዚህ ለእኛ አይሠራም።

ብሩክ፦ አይሠራም አላልኩም። ገና ነው ያልኩት።

ሰላም፦ ያው ነው።

ብሩክ፦ ያው አይደለም! ቮሊዩሙ ሲመጣ...

ሰላም፦ ሲመጣ እንነጋገራለን። ሰዓታችን አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ትርፍ ድርሻ ነው፣ እሱን እኔ ነኝ የማወራው።