ከተዝካሩ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወገኖቼ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ብቻዬን ነኝ። የምናገረው ስለ ሐዘንና ስለ ጸሎት ነው፤ ይልቁንም ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቅሶ ደራሹም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስለሚጀምረው ሕመም ነው።

እኔ በምኖርበት አካባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ሰፈር፣ ሰው ሲሞት ጎረቤት ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ሠልስቱ ይታሰባል፤ በአርባ ቀኑም ተዝካር ይወጣል። ይህ ሥርዓት ታላቅ ጸጋ ነው፤ እናቴ ባረፈች ጊዜ ወድቄ እንዳልቀር የደገፈኝም እርሱ ነው። ነገር ግን ከአርባው በኋላ ቤቱ ጭር ይላል፣ የእያንዳንዱም ሰው ኑሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔ ሐዘን በሙሉ ክብደቱ የመጣው ያን ጊዜ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ደረቴ ላይ የተጫነኝን ነገር ለሰው ላስረዳ ስሞክር ቃል ይጠፋብኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የጎዳኝ አንዳንድ አጽናኞች ይናገሩት የነበረው ቃል ነው። «በቃሽ፣ አታልቅሺ፤ እግዚአብሔርን ታስቀይሚዋለሽ» ይሉኝ ነበር። ከቅን ልብ የመጣ ምክር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ቢሆንም ሐዘንተኛን ከጸሎት የሚያርቅ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ። እንባ እግዚአብሔርን የሚያስቀይም ከሆነ፣ በውስጡ ከእንባ በቀር ሌላ ምንም ያልቀረ ሰው ወደ አምላኩ ፊት ምን ይዞ ይቀርባል?

ወንጌል የሚያሳየን ከዚህ የተለየ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንደጻፈልን፣ ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሚሄድ ገና ጉዞውን ሳይጀምር ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል፤ ፍጻሜውን ያውቀዋል፤ እንዲያም ሆኖ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። ከእርሱ አስቀድመው ደግሞ ማርታና ማርያም የተናገሩትን አስተውሉ። ሁለቱ እኅትማማቾች ተራ በተራ መጥተው፣ «አንተ በዚህ ብትኖር ኖሮ ወንድሜ ባልሞተ ነበር» የሚል አንድ ዓይነት ቃል ነገሩት። ይህ ወቀሳ ነው፤ የት ነበርህ ማለት ነው። እርሱ ግን አንዳቸውንም «እንዴት እንዲህ ትሉኛላችሁ?» አላላቸውም። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ከሐዘኔ በፊት ግን ጆሮዬ የሚይዘው የአልዓዛርን መነሣት ብቻ ነበር።

ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ መጸለይ እንደማልችልና አፌን ስከፍት ቃል እንደማይመጣልኝም ጨምሬ ነገርኋቸው። የመለሱልኝ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ የራስሽ ቃል ከጠፋብሽ በዳዊት ቃል ጸልዪ፤ ለዚሁ ነው የተሰጠሽ።»

በቤታችን የእናቴ ዳዊት ነበረ፤ ሽፋኑ በጨርቅ ተለብጦ የተሰፋ፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ መጽሐፍ ነው። ስከፍተው ከአንዳንዱ ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል። አንዳንዱ ገጽ ንጹሕ ነው፤ አንዳንዱ ግን በሰም ጠብታ ተሸፍኖ ፊደሉ በጭንቅ ይነበባል፤ ቅጠሎቹም እርስ በርስ ተጣብቀው በጥፍር ማላቀቅ ነበረብኝ። እነዚያ የተጣበቁት ገጾች፣ በሕይወት ሳለች ያልነገረችኝን ያህል ስለ እናቴ ነግረውኛል። ሰሙ የበዛበት፣ ነቢዩ «አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» እያለ በሚጮኽበት በአሥራ ሁለተኛው መዝሙር ላይ ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሌሊት ላይ የምትነሣ ሴት ነበረች፤ እኛ ልጆችዋ ግን ምን ስትል እንደምታድር ጠይቀናት አናውቅም።

የዳዊት መዝሙር በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ የሚጸለይ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰኞ ከአንድ እስከ ሠላሳ ይደርሳል፤ ሐሙስ ደግሞ ከሰማንያ አንድ እስከ መቶ ዐሥር። ከሐሙሱ ክፍል መካከል ሰማንያ ሰባተኛው መዝሙር አለ። ሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት በልቅሶ ጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በተስፋ ወይም በምስጋና ይዘጋሉ፤ ይህ ግን ተስፋን በቃል ሳይጠራ፣ ወዳጅና ዘመድ መራቃቸውን ተናግሮ በጨለማ ያበቃል። እኔን ያጽናናኝ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጣችውም፤ «ለሰው እምነት አይጠቅምም» ብላም አልሸፈነችውም፤ ደስ ያለውም ያዘነውም በየሳምንቱ ሐሙስ እንዲያደርሰው ከምስጋናው መዝሙር ጋር አብራ አኖረችው። የዚያ ጨለማ የመጀመሪያ ነዋሪ እኔ አለመሆኔን፣ ከእኔ በፊት የገቡትም ከዚያው ሆነው «የመድኃኒቴ አምላክ» እያሉ ሲጠሩት እንደነበር አየሁ። መዝሙሩ የሚጀምረው በዚህ ጥሪ ነውና።

ስለዚህ ቅሬታ ጸሎት መሆኑን ተማርሁ። ስለ እግዚአብሔር ለጎረቤት ማጉረምረምና ያንኑ ቃል ለራሱ ለእግዚአብሔር መንገር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው፣ ምንም ያህል መራራ ቢሆን፣ ሰሚ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ሥራ ነው። ሐና በሴሎ ቤተ መቅደስ ልቧ መርሮ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር፤ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደነበረ የነገረችው ራስዋ ናት። ከዚያ በኋላ በልታ፣ ፊትዋም እንደ ቀድሞው አለማዘኑን መጽሐፉ ይናገራል። ይህ ደግሞ የሆነው ሳሙኤልን ከመፅነስዋ በፊት ነው፤ የለመነችው ገና አልተሰጣትም ነበር።

እንዲህ እያልሁ ማለዳ ማለዳ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት መውጣት ጀመርሁ። ዳገቱ ከባድ ነው፤ በባሕር ዛፉ መካከል ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ወገባቸው ጎብጦ እየወረዱ ወደ ጸሎት ከሚወጣው ሰው ጋር ይተላለፋሉ። ለሐዘንተኛ መራመድና መስገድ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ያኔ ነው የገባኝ። ልብ እምቢ ባለበት ቀን እንኳ ጉልበት ይንበረከካል፤ ልብም አንዳንድ ቀን ዘግይቶ ይከተላል።

እዚያ ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ ከክፍለ ሀገር መጥተው በአካባቢው ቤት ተከራይተው የሚሰነብቱም አሉ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከነጠላዋ ጫፍ ትንሽ ፌስታል ፈታች፤ በውስጡ የኪኒን ብልቃጥና የውዳሴ ማርያም መጽሐፍ ነበሩ። ኪኒኑን በጠበል ዋጠች፤ ከዚያም በግንባርዋ ላይ አማተበች። ይህን የምናገረው በምክንያት ነው። ቀድሞ በዚሁ ቦታ የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አቋርጠው በጠበሉ ብቻ የቆዩ ሕሙማን ነበሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፉ ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑንም ይመሰክራል። እንቅልፍ ማጣቴ ሲበረታብኝ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ያሉኝ እኒያው ንስሐ አባቴ ናቸው፤ ሄድሁ፤ ጠቀመኝም። ሐዘኑ ሌሊቱን ሁሉ የሚያነቃው፣ ከዚያም አልፎ መኖርን የሚያስጠላው ሰው ይህን እየሰማ ከሆነ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እኅቴ፣ ጸሎትን ከሕክምና አትለዩት፤ ዛሬውኑም ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

አሁን ተፈውሻለሁ ወይ? ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር፤ መውጊያው ስለ መውጣቱ የጻፈልን ነገር የለም። የእኔም እንዲሁ ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ ቀን፣ እናቴ የማርያምን ጽዋ በምታወጣበት ዕለት፣ የጎረቤት ቡና ሲቆላ ሸተተኝ ማለት ያ ክብደት ወደ ደረቴ ይመለሳል። ልዩነቱ ዛሬ አልሸሸውም፤ ዳዊቱን ከፍቼ አብሬው እቀመጣለሁ፤ የሚያስለቅሰኝም ከሆነ እያለቀስሁ አነባለሁ፤ ሲያልፍም ተነሥቼ ሥራዬን እሠራለሁ።

ከተዝካር በኋላ ባለው ጊዜ ላይ ያላችሁ፣ ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ በዳዊት አቆጣጠር አሥራ ሁለተኛውን፣ አርባ አንደኛውን፣ ሰማንያ ሰባተኛውንና መቶ ሃያ ዘጠነኛውን አንብቡ። በአንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኅትመቶች ቁጥሩ በአንድ ከፍ ስለሚል አሥራ ሦስት፣ አርባ ሁለት፣ ሰማንያ ስምንትና መቶ ሠላሳ ብላችሁ ፈልጉ። ግእዝ የማታውቁ በአማርኛው አንብቡት፤ ድምፅ አውጥታችሁ ቢሆን ይመረጣል። አንዱን ብቻ መጨረስ ከቻላችሁም ለዚያ ቀን ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።